የጨርቅ ጮቄ

ክረምት ሲገባ ብቸናና ሞጣ ይኳረፋሉ። መኪናውን ጭቃ ይይዘዋል፣ በቅሎዋ የሞላ ወንዝ ዳር ቆማ ጆሮዋን ትጥላለች፣ ፖስታውም መስከረም ሳይጠባ አይመጣም። ጮቄ ብቻ ጉሙን ተከናንቦ ሁለቱንም ከሩቅ ያያቸዋል። ተራራውን የሚወቅስ የለም፤ እሱ ከጥንትም እዚያው ነው። የሚወቀሰው ሰው ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥም የሚወቀስ ሰው አለ።

በ፲፱፻፷ ዓ.ም. ክረምት የብቸናዋ በዛብሽ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባቷ አቶ ገብረ ኪዳን ሸማኔ ናቸው። ብቸና ውስጥ እሳቸው የሠሩትን ኩታ ያልለበሰ ሹም የለም፤ እሳቸውን ቤቱ ጠርቶ ያበላ ሹምም የለም። ሰው ኩታውን ሲቀበል «እጅዎን ይባርከው» ይላቸዋል፣ ዞር ሲሉ ደግሞ «ቁጢት በጣሽ» ብሎ ሸማኔነታቸውን ይሰድባል። በዛብሽ ሁለቱንም እየሰማች ነው ያደገችው። መልኳ ግን የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። በመንገድ ስታልፍ ወንዱ ሁሉ ዓይኑን ይልክባትና ልቡን ቤቱ ቆልፎ ያስቀምጣል።

ልቡንም የላከ አንድ ሰው ተገኘ። አምባቸው ይባላል፤ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ የሞጣዋ ባለርስት የወይዘሮ ይርጋነሽ አንድ ልጅ ነው። በዛብሽ መርፌ የወጋው ጣቷ መግል ይዞ ብትሄድ አጥቦ በነጭ ፋሻ ይጠቀልልላት ጀመር። ጠቀለለ፣ ጠቀለለ፣ አላበቃም።

«ይህ ሁሉ ለአንድ ጣት ነው?» አለችው።

«እስክጨርሰው ድረስ እጅሽ እጄ ላይ ይቆያል ብዬ ነው» አለ ቀና ሳይል።

እንዲህ ተጀመረ። አንድ ነገር ብቻ ይቆረቁራት ነበር። አምባቸው መንገድ ላይ ሲያገኛት መጀመሪያ ወደ ኋላው ያያል፣ ከዚያ ነው ወደ እሷ የሚያየው። አባቷንም ሰው ከሌለ ጎንበስ ብሎ፣ ሰው ካለ በዓይኑ ብቻ ነው ሰላም የሚላቸው። «ለእኔ ስም ተጠንቅቆ ነው» እያለች ራሷን ታስረዳለች። ፍቅር የያዘው ሰው መቼም ጠበቃ አያጣም፤ የገዛ ልቡ ይከራከርለታል።

ሰኔ ላይ ወደ ሞጣ ተዛወረ። ሊሄድ ሲል ከክሊኒኩ ጀርባ ባሕር ዛፉ ሥር ተገናኙ።

«ለመስቀል ሽማግሌ እልካለሁ» አላት።

«ወይዘሮ ይርጋነሽ ሸማኔ ቤት ሽማግሌ ሊልኩ?»

«እናቴን ለእኔ ተያቸው።»

«ሞጣ ስትገባ ትረሳኛለህ።»

«ጮቄን በየማለዳው አየዋለሁ። አንቺም ከዚህ ታይዋለሽ። ተራራውን ባየሁ ቁጥር አንቺን አየሁ ማለት ነው፤ ታዲያ በምን እረሳሻለሁ?»

ከአጥሩ ወዲያ ሰው አሳለ። አምባቸው እጇን ለቀቀና ዞሮ አየ። የሚያልፍ ገበሬ ነበር። በዛብሽ ባዶ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ሙቀቱ እስከ ደጃፏ አብሯት ሄደ።

* * *

በዛብሽ የተማረችበት ትምህርት ቤት የቤት ሙያ የምታስተምረው ወይዘሪት ወለተ ኢየሱስ ከአስመራ የመጣች ናት። አንድ ቀን የፈረንጅ መጽሔት ገልጣ ለበዛብሽ አሳየቻት። በረዶ የለበሰ ተራራ ነው፤ በቀለም ግን አልተሣለም። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ፣ ጥጥ በውስጡ ገብቶ፣ በመርፌ ተወግቶ የተሠራ ነው። ስፋቱ ከትንሽ ሰፌድ አይበልጥም።

«የፈረንጅ ድሪቶ ነው» አለች ወይዘሪቷ እየሳቀች። «እኛ ያጣ የነጣ ይለብሰዋል፣ እነሱ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል።»

የበዛብሽ ልብ ወዲያው ጮቄ ላይ ዐረፈ። ያን ሰሞን ሌሊት በረዶ ይጥልና ማለዳ ጉሙ ገለጥ ሲል የተራራው አናት ነጥቶ ይታይ ነበር። ደብዳቤ ሰው ይከፍተዋል፣ ያነበዋል፣ ያስወራዋል። ጨርቅ ግን ማን ያነበዋል? ለአምባቸው ጮቄን ልትልክለት ቆረጠች።

ጨርቁን ከየትም አላመጣችውም። ለሰማዩ አምባቸው ጠቅማ እንድትመልስለት ሰጥቷት ሳይወስደው የቀረውን ውኃ ሰማያዊ ሸሚዝ ቀደደች። ለበረዶው ያን ረጅም ፋሻ አወጣች፤ አጥባ አስቀምጣው ነበር። ለእርሻው መደብ የትምህርት ቤት ካኪዋን ቆረጠች። ለጥቁሩ ገደል የሚሆን ጨርቅ ስታጣ እናቷ ወይዘሮ አምሳለች ለወንድማቸው ሐዘን ለብሰውት የነበረውን ከል ከሳጥን ሥር አገኘችና ከጫፉ ቀነጨበች። ሐዘኑ ካበቃ ዓመት አልፎታል፤ እናቷ አያዩትም ብላ ነው። ለንጋቱ ደግሞ አባቷ ለፋሲካ የሠሩላትን ነጠላ ጥለት፣ ቀዩንና ወርቃማውን፣ ከአንድ ጫፍ ሸርፋ በተራራው አናት ላይ አጋደመችው።

ከሥር አቡጀዲ፣ ከመሀል ባዘቶ ጥጥ፣ ከላይ ጮቄ። ሦስቱን ድርብ በጥቃቅን ስፌት አንድ ላይ ስትወጋቸው ጥጡ በስፌቱ መካከል ያብጥና ተራራው ከጨርቁ ላይ ይነሣል። ዓይኗን ጨፍና ብትዳስሰው ሸንተረሩን ታገኘዋለች። አባቷ እዚያው ጥግ ሸማቸውን ይመታሉ፣ ዝናቡ ጣራውን ይመታል፣ እሷ ትወጋለች። ያን ክረምት ብቸና ተስቦ ገብቶ ስለነበር በየሰፈሩ ለቅሶ አልጠፋም። በዛብሽ ግን ደስተኛ ነበረች፤ በሰው ሐዘን መካከል መደሰቷ እንኳ ያሳፍራት ነበር።

ያለቀ ዕለት እናቷ ከእጇ ተቀበሏት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጮቄ ነው እማዬ። በረዶ ጥሎበት፣ ሲነጋ።»

ወይዘሮ አምሳለች ብዙ አዩት። ጣታቸው ጥቁሩ ገደል ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይህስ ከሌ አይደል?»

«ቁራጭ ናት። ከጫፉ ናት የወሰድኩ።»

«አንች ልጅ! ጥለቱንም ወደ ላይ አዙረሽዋል።»

«ንጋቱ እኮ ነው። ፀሐይ መጀመሪያ የምትነካው አናቱን አይደል?»

«ጥለት ወደ አንገት የሚዞረው ለሐዘን ነው ልጀ። ከሥሩ ከል፣ ከላዩ የዞረ ጥለት፤ ያየው ሰው ምን ይላል?»

በዛብሽ ሳቀች። «ነጠላ እኮ አይደለም እማዬ፤ ሥዕል ነው። የተማረ ሰው ነው የሚያየው።»

«እንግዲህ አንች ታውቂያለሽ» አሉ እናቷ፤ ጨርቁን መለሱላት።

ጉዟቸው ወደ ጎንደር የሆነ መሪጌታ አካለ ወልድ የሚባሉ የቅኔ መምህር በሞጣ በኩል እንደሚያልፉ ሰምታ በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። «ለአምባቸው፣ በእጁ» አለቻቸው። ጽሑፍ አልጨመረችበትም። ፋሻውንና ሸሚዙን ሲያይ ሁሉንም ይረዳል፤ ለሚወድ ሰው ይህ አነሰው? መሪጌታ በጭቃው ውስጥ እየራቁ ሲሄዱ ጥቅሉን በዓይኗ ሸኘችው፤ ራሷ የምትሄድ ያህል ልቧ ይመታ ነበር።

* * *

የመስቀል ዕለት አቶ ገብረ ኪዳን ነጭ ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ አምሳለች ጠላውን ጠምቀው፣ ቤቱን ለቅልቀው፣ ከጎረቤት ወንበር ተውሰው ጠበቁ። ልጃቸው ነግራቸዋለች፤ ዛሬ ሽማግሌ ይመጣል። ሰው ከመንገዱ ብቅ ባለ ቁጥር አባቷ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፣ ሰውየው ሲያልፍ እግራቸውን ለማፍታታት የተነሡ መስለው ይመለሳሉ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ወይዘሮ አምሳለች ወንበሩን ለጎረቤት መለሱ። በዛብሽን ከቀረው ሰው ይልቅ ያ የተመለሰ ወንበር አቃጠላት።

መስከረም አለቀ። ጥቅምትም መጣና ሄደ። መንገዱ ደረቀ፣ ፖስታውም ይመላለስ ጀመር፤ ከሞጣ ግን ቃል የለም። «እናቱ አሸንፈውታል» አለች። «ጨርቁን ሲያዩ ድሪቶ ላከችልን ብለው ስቀዋል።» አንዳንድ ቀን ትናደዳለች፣ አንዳንድ ቀን ታለቅሳለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ያ የልቧ ጠበቃ ተነሥቶ «ታሞ ይሆናል» ይላታል።

ኅዳር ላይ እናቷ ጋቢ ለመሸጥ ወደ ሞጣ ሲነሡ «አብሬዎት እሄዳለሁ» አለች። ወይዘሮ አምሳለች ዓይን ዓይኗን አዩና «እንግዲያ ስንቁን ጨምሪ» ከማለት በቀር አልጠየቋትም።

* * *

የሞጣው ክሊኒክ ከገበያው ብዙ አይርቅም። በዛብሽ እናቷን ከጋቢያቸው ጋር ትታ ከበሽተኞቹ ጋር ተሰለፈች። ምን እንደምትለው በመንገዱ ሁሉ አዘጋጅታ ነበር፤ ተራዋ ሲደርስ አንዱም ቃል አልተገኘም።

«ስም?» አለ አምባቸው ቀና ሳይል።

«በዛብሽ ገብረ ኪዳን።»

ብዕሩ ቆመ። ቀስ ብሎ ቀና ሲል ፊቱ አመድ ሆኖ ነበር። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሣና አማተበ።

«አንቺ…» አለ። «አንቺ እኮ ሞተሻል!»

የተሰለፈው በሽተኛ ሁሉ ሳቀ። አንዲት አሮጊት «ድሬሰራችን የቆመ ሰው ሞቷል ካለ እኛስ የተኛነው ምን ልንሆን ነው!» አሉ። በዛብሽ አልሳቀችም። 

ወደ ጓሮ አወጣት። የታጠበ ፋሻ በገመድ ላይ ተሰጥቶ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ከጓሮው ጥግ ካለችው ክፍሉ ሮጦ ገብቶ ጨርቁን ይዞ ተመለሰ። ጮቄ ነው። ሰማዩ እዚህም እዚያም ወይቧል፤ ውኃ የነካው ያህል ቡራቡሬ ሆኗል።

«ነሐሴ ላይ መጣ» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «አንድ መሪጌታ በዝናብ ደርሰው ለእናቴ ቤት ሠራተኛ ‹ከብቸና፣ ከገብረ ኪዳን ቤት› ብለው ሰጥተው አለፉ፤ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እናቴ ፈቱት። ማታ እሳቸው ዘንድ ስሄድ ጉልበታቸው ላይ አድርገውት ተቀምጠው ነበር። ከሉን አየሁ፣ ወደ ላይ የዞረውን ጥለት አየሁ። የእኔን ፋሻ፣ የእኔን ሸሚዝ አየሁ። ብቸና ተስቦ እንደገባ አውቃለሁ። እናቴ ‹ልጄ፣ እንዲህም አድርገው ያረዳሉ፤ ዕቃህን መልሰውልሃል› አሉኝ። ምን ልበል በዛብሽ? ምን ልበል? ትራሴ ሥር አድርጌው ስተኛ ነው የከረምኩ።»

በዛብሽ የወየበውን ሰማይ ዳሰሰች። እንባ ነው። ያ ሁሉ ወር አልረሳትም፣ አልከዳትም፣ ድሪቶ ብሎ አልሳቀባትም። እያለቀሰላት ነበር! እናቷ «ያየው ሰው ምን ይላል» ሲሏት የሳቀችው ሳቅ ትዝ አላት። የሸማኔ ልጅ ሆና ጥለት ወዴት እንደሚዞር ረስታ ራሷን በገዛ መርፌዋ ገደለች። ሳቋ አመለጣት፣ እንባዋም አብሮት መጣ። አምባቸው ሁለቱንም እጆቿን ያዘ።

«ሕያው ነሽ» አለ። «ሕያው ነሽ!»

«ሕያው ነኝ።»

«እጅሽ ይሞቃል።»

«አንተ እኮ ነህ የምታሞቀው።»

በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት ደስ ብሏት አያውቅም። ምነው ታሪኩ እዚያ ላይ ባበቃ! እኔም እዚያ ላይ ባቆምኩት። ነገር ግን ደስታዋ ገና ሳይበርድ ከደስታው ሥር አንዲት ጥያቄ ቀስ ብላ ተነሣች። በዛብሽ እጆቿን ከእጁ ሳታወጣ ጠየቀችው።

«አምባቸው፣ ለቅሶዬን የት ደረስክ?»

«እ?»

«ሞታለች ብለሃል። ለቅሶዬን የት ደረስክ? አባቴን ‹እግዜር ያጥናዎት› ያልከው የት ነው?»

«ወንዙ ሞልቶ ነበር።»

«ወንዙ እኮ መስከረም ላይ ጎደለ።»

አምባቸው ወደ ተሰጣው ፋሻ አየ። «መጥቼ ነበር» አለ። «እውነቴን ነው፣ ለእናቴም ሳልነግር ወጣሁ። ደብረ ወርቅ ድረስ መጥቼ ነበር።»

«ደብረ ወርቅ!» እጇን አወጣች። «ከደብረ ወርቅ ብቸና የግማሽ ቀን መንገድ ነው።»

«እዚያ አደርኩ። ጠዋት በቅሎዋን ጭኜ ከወጣሁ በኋላ ማሰብ ጀመርኩ። ምን ብዬ ልግባ? ባልሽ አይደለሁ፣ እጮኛሽ አይደለሁ። ብቸና ሁሉ ያውቀኛል። የይርጋነሽን ልጅ ሸማኔ ቤት ምን አስለቀሰው ይባላል። ለእናቴ ይደርሳል። አንቺ ደግሞ የለሽም። ለሌለ ሰው ብዬ…»

«ቴሌግራምስ? ሞታለች ወይ ብሎ መጠየቅስ?»

«ቴሌግራፍ ቤት ያለው አብሮ አደጌ ነው። ምን ልለው ነበር?»

በዛብሽ የልቧን ጠበቃ ጠበቀችው። ሁልጊዜ ፈጥኖ የሚነሣው ጠበቃ ዛሬ ቃል አጣ።

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ» አለች በመጨረሻ። «እንባስ አልገደደህም፤ ይኸው ጨርቁ ላይ አለ። የገደደህ ሰው ፊት ማልቀሱ ነው።»

«አሁን እኮ አለሽልኝ! ነገውኑ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ፤ እናቴ ቢረግሙኝም ይርገሙኝ! ጥር ላይ እንጋባለን፣ ድንኳኑ ከዚህ እስከ…»

«ለሠርግማ ማን ይጠፋል?» አለችው። «ሠርግ ጭፈራ አለው፣ ጠጅ አለው፣ የሚያፍርበት ሰው የለም። እኔ የፈለግሁት ለቅሶዬ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነበር።»

«በዛብሽ፣ ተሳሳትኩ!»

«ጥለቱን ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ ስህተቱ የእኔ ነው። አንተ አልተሳሳትክም፤ አስበህ ነው የተመለስከው።»

ጨርቁን ወደ እሷ ዘረጋ። «እንግዲያ ውሰጂው። ካልታረቅሽኝ ምን ያደርግልኛል?»

«እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ» አለች። «ላለቀሱላት መታሰቢያ ይሁንዎ።»

«እርስዎ አትበይኝ! በማርያም፣ እርስዎ አትበይኝ!»

በተሰጣው ፋሻ መካከል አልፋ በሰልፉ ፊት ወዳለው የአጥሩ በር ሄደች። ከኋላዋ ሲሮጥ ሰማችው፣ እግሯም ሳትፈቅድለት ቆመ። ዞረች። አሁን፣ በዚህ ሁሉ በሽተኛ ፊት ስሟን ቢጠራ፣ እጇን ቢይዝ ምን እንደምታደርግ እሷም አታውቅም። አምባቸው በሩ ላይ ደረሰ። የተሰለፈው ሰው ሁሉ አንገቱን መዘዘ። እሱም እንደ ልማዱ መጀመሪያ ወደ ኋላው አየ።

ፊቱን ወደ እሷ ሲመልስ በዛብሽ መንገድ ላይ ነበረች።

* * *

ወይዘሮ አምሳለች ጋቢውን ሽጠው ጠበቋት። ልጃቸውን አንድ ጊዜ አዩ፣ ማቅ ያህል የከበደ ፊቷን አዩ፣ ስንቁን አንሥተው መንገድ ጀመሩ። ከሞጣ እንደ ወጡ ጮቄ በስተቀኛቸው ተገለጠ። ጉም የለበትም፣ በረዶም የለበትም፤ እንደማንኛውም የኅዳር ተራራ ቡናማ ሆኖ ተቀምጧል።

አንድ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ በዛብሽ ቆመች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ አንድ ጫፉ የተሸረፈውን የፋሲካ ነጠላዋን። ገለበጠችና ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ አዙራ ለበሰችው።

እናቷ አዩ። ሥዕል ነው ወይ ብለው አልጠየቋትም፣ ማን ሞተም አላሉ። የራሳቸውን ነጠላ አወረዱ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዞሩ፣ ከልጃቸው ጎን ቆሙ።

«እግዜር ያጥናሽ ልጀ» አሉ።

በዛብሽ እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጣ ጮኻ አለቀሰች፤ ወይዘሮ አምሳለችም አብረዋት ተቀመጡ።